ሌሊቱ ወፍሯል ዘንድሮ

ዚያድ በፔጆው መጣ፣ ከቀትር ወዲያ፣
ብብቱ ሥር ካርቶን፣ የታይዋን ገበያ።
«ኡስታ ለገሠ፣ ይኸው ዜኖን አለኝ፤
ቢጫዋን አውጣልኝ፣ ጨለማው ሰለቸኝ።
ደንገጎ ላይ ሌሊቱ ወፍሯል ዘንድሮ፣
መታጠፊያው ሁሉ ይመጣብኛል በሮ።»

ሌሊትም ይወፍራል? አልኩ በሆዴ፣ ዝም ብዬ፣
ኮፈኑን ከፈትኩት እጅጌ ጠቅልዬ።
ሙቀቱ ገና ነው፤ ከዚራ፣ ዛፉ ሥር
ፍየል ተጋድማለች፣ ብረቱ ሲያሳርር።

ሂንዲያ፣ ተለማማጄ፣ ካርቶኑን ከፈተች፤
ሁለት ባላስት፣ ሽቦ፣ አምፖሎቹን አየች።
መመሪያው ቻይንኛ፤ ከሥዕሉ በቀር
አንድም ነገር የለ ለእኛ የሚናገር፦
ጣት ላይ ቀይ መስቀል። «ብርጭቆውን አትንካ።»
ላብ ካረፈበት ይፈነዳል ለካ።
የኔ ጣት ሠላሳ ዓመት ግሪስ ጠጥቷል፤
ሳሙና አይደፍረውም፣ ግሪሱ ቆዳ ሆኗል።
እሷ በሻሽዋ ጫፍ አምፖሏን አነሣች፣
ትንፋሽዋን ውጣ ቀዳዳውን አጎረሰች።

ሽቦዋን ስከተል አንድ ቋጠሮ አገኘሁ፤
የሙሴ ያኒ ነው፣ እጁን ለየሁ፤
በጥርሱ ልጦ፣ ሦስት ዙር ጠምዝዞ፣
በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ።
ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። አልፈታሁትም።
አዲሱን ባላስት ከጎኑ አሰርኩት፣
«ይቅርታ፣ ሙሴ» ብዬ።

ሲመሽ ደቻቱ ወረድን፣ ሦስታችን፣
ውሃ የሌለው ወንዝ፣ አሸዋው ከፊታችን።
ዚያድ ቁልፉን አዞረ። ጢ… አለ ባላስቱ፣
መጀመሪያ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ነጣ ፊቱ፣
ከዚያ ግድግዳው መጣ!
ጎርፉ የዚያን ዓመት ጥሎት የሄደው መስመር
ከሰው ቁመት በላይ፣ ቡናማ፣ እንደ ድንበር፤
የድመት ዓይን፣ ፌስታል፣ የተጣለ ገራባ፤
ማዶ አንድ ባጃጅ ነጂ ዓይኑን በክንዱ ከልሎ
ይሰድበናል፣ በኦሮምኛ ጀምሮ፣ ሶማልኛ ቀላቅሎ።

«ቀን ሆነ!» አለ ዚያድ። «ቀን ነው፣ ኡስታ፣ ቀን!»

እኔ መብራት የምለካው በንባብ ነው።
«እስቲ ግድግዳው ላይ ምን ይላል?» አልኩት፤
ሃያ እርምጃ አይሞላም ከቆመበት።
«ያው ነዋ» አለ፣ ሳይዘገይ፣ ሳቅ ብሎ፣
«እዚህ መሽናት ክልክል ነው»፣ አለ፣
ግድግዳ ሁሉ የሚለውን ብሎ።

ሂንዲያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።
«የሚሸጥ ኖራ አለ። ሳቢያን፣ ከወፍጮው ጎን።»
በቀይ ቀለም፤ አንዱ ፊደል ክንድ ያህላል።
(እኔም ብሆን፣ ካልዋሸሁ፣
እስክትነግረኝ ቀይ ነገር ብቻ ነበር ያየሁ።)

ዚያድ ወደ እኛ ሲዞር ብርሃኑ ፊቱን መታው፤
ብሌኑ ላይ ወተት ጠብ ያለ ይመስላል።
ሌሊቱ አይደለም ለካ የወፈረው።

አሰብኩ፦ ደንገጎ፣ ጫት የጫነው አይሱዙ፣
ከግመሎቹ ኋላ በእግር የሚሄደው ልጅ፣
ከፊት የሚመጣው ታውሮ፣ መሪውን የያዘው ታውሮ፣
መሃል ላይ ነጭ ብርሃን፣ የኔ እጅ ሥራ።
መብራት ዝቅ የሚያደርግ ብሎን አለ፤ ስምንት ቁጥር ይፈታዋል።
ለሌላው ግን ሳጥኔን ሁሉ በሐሳቤ በረበርኩ፣
አሥር ቁጥር፣ አሥራ ሦስት፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፤
ለአንድ ሰው «ዓይንህ ሄዷል» የሚል መፍቻ አጣሁ።

ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ አልኩ፣ ፊውዙን ነቀልኩ፣
ኪሴ ከተትኩ።

ጨለመ።

«የቻይና ዕቃ!» ብዬ ጮህኩ። «ባላስቱ ተቃጠለ!»
ዚያድ ታይዋንን ረገመ፣ ሻጩን ከነዘሩ።
«ፔጆዋ እኔ ጋ ትደር» አልኩት፤ «ነገ በቀን ና።
በቀን» ብዬ ደገምኩለት።
ቤቱ ያደረሰው ያው የሰደበን ባጃጅ ነው፤
መንገድ ሙሉ ስለ መብራት ሲያወሩ፣ ሲስቁ
ድምፃቸው እስኪርቅ ሰማን።

ሂንዲያ ገራባውን በእግሯ እየገፋች ቆየች።
ፊውዙ ኪሴ ውስጥ፣ ጭኔ ላይ፣ ገና ይሞቃል።
«ኡስታ» አለችኝ፣ ሳታየኝ፣
«ነገስ ምን ይቃጠላል?»